መሀሉ ጭድ የሆነው ክምር

የእህቴን ባል ይሻውን ወድጄው አላውቅም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ይሻላል፤ በኋላ ለአማቹ አዳላ እንዳልባል። ስሜ ደጀን ነው፤ ደብረ ታቦር መውጫው ላይ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እነፋለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ከሾፌሮች ጋር እጨቃጨቃለሁ። ታላቅ እህቴ ፈንታነሽ ወደ ጉና በኩል ወጣ ብሎ ካለ መንደር ገበሬ አግብታ ትኖራለች። ያ ገበሬ ይሻው ነው። ጎበዝ አራሽ ነው፤ አይሰክርም፣ አይማታም፣ ጾም አይሽርም። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የያዘው አንድ በሽታ ነበረበት፤ የበሽታው ስም አገኘሁ ይባላል።

አገኘሁ ጎረቤቱ ነው። ማሳቸው ኩታ ገጠም ነው፣ ግቢያቸውን የምትለየው አንዲት ቦይ ናት፣ ክርስትና የተነሡትም በአንድ ቀን ነው። የይሻው እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸውን በአገኘሁ እየለኩ ነው ያሳደጉት። አገኘሁ ቀድሞህ ጥርስ አወጣ፣ አገኘሁ ቀድሞህ ዳዴ አለ፣ አገኘሁ ንባብ ሲዘልቅ አንተ ገና ፊደል ላይ ነህ። ሴትዮዋ ካረፉ በኋላ ሥራቸውን ልጃቸው ተረከበ፤ ራሱን በራሱ ይለካ ጀመር። አገኘሁ ሲያገባ አገባ፤ እህቴንም በዚሁ ጥድፊያ ውስጥ እንዳገኛት ሳስብ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አገኘሁ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ጊዜ ይሻው አንዱን በሬውን ሸጦ ቆርቆሮ ገዛ፤ ያውም ከአገኘሁ ቤት የሚረዝም ቤት ሠራበት። ክረምት ሲገባ አንድ በሬ ብቻ ይዞ ቀረ። እንደሱው ባለ አንድ በሬ የሆነ ሰው ፈልጎ፣ አቀናጅቶ፣ ተራ እየጠበቀ፣ ሰው ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ዘራ። ያን ዓመት ልጆቹ በሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ሥር ድንች ብቻ ሲበሉ ከረሙ። እህቴን፣ ቆርቆሮውን ቀቅይላቸው አልኋት። አልሳቀችም።

በቤተ ክርስቲያንም አይተውም ነበር። በስቅለት ቀን ሰው ሁሉ ስለ ኃጢአቱ ሲሰግድ ይሻው የሚሰግደው አገኘሁን እያየ ነው። ቀድሞ ሄዶ ከጎኑ ቦታ ይይዛል። አንድ ዓመት እኔም እዚያ ውዬ በዓይኔ አይቻለሁ። አገኘሁ ጎንበስ ሲል ይሻው ጎንበስ ይላል፤ አገኘሁ ደክሞት ቀጥ ብሎ ሲቆም ይሻው ግንባሩን መሬት እያስነካ ይቀጥላል። ፊቱ ላይ ግን የሐዘን ምልክት አልነበረም፤ ፊቱ የሩጫ ፊት ነበር። በማግስቱ ጉልበቱ አብጦ ከመደብ መውረድ አቃተው። ፈንታነሽ በሞቀ ውኃና በጨው ስታሸው፣ «እሱ ነው ቀድሞ የቆመ» ይላት ነበር፣ ደስ እያለው። እኔ አገኘሁንም አልወደውም፤ ቀብራራ ነው፣ ሰው እንደሚያየው ያውቃል፣ መታየቱም ይጥመዋል። ይሻው ግን በእሱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ዕድሜውን ፈጀ።

አሁን ወደ ክምሩ ልምጣ። ያለፈው ዓመት ስንዴ ለሁሉም ጥሩ ነበር፤ ለይሻው ብቻ የማሳው ታችኛው ጥግ ውኃ ቋጥሮ ሰብሉ ቢጫ ሆኖ ቀረ። የአገኘሁ ማሳ ከላይ ስለሆነ ውኃው ወርዶ የገባው ወደ ይሻው ነው። ይሻው ለዚህም አገኘሁን ተቀየመው፤ ዝናቡን እሱ ያዘነበው ይመስል። አጨዳው አልቆ ነዶው ወደ አውድማ ሲሰበሰብ ልዩነቱ በግልጽ ታየ። የሁለቱ አውድማ ፊት ለፊት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ሁሉ የሚያልፈው በመካከላቸው ነው። አገኘሁ ቀድሞ ከመረ፤ ክምሩ ከሩቅ ይታይ ነበር። ይሻው የአገኘሁን ክምር አየ፣ የራሱን ነዶ አየ፣ ከዚያ ከገበሬ የማይጠበቅ ሥራ ሠራ። ከጓሮው የከረመ ጭድና ጭራሮ አምጥቶ መሀሉ ላይ ቆለለና ስንዴውን በዙሪያው ከመረበት።

ክምር ሲከመር ላላየ ሰው ላስረዳ። ነዶው ዛላው ወደ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ ሆኖ፣ ተጠቅጥቆ ነው የሚደረደረው። ዝናብ ቢመጣ በአገዳው ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ እህሉን አይነካውም። መሀሉ የላላ እንደሆነ ግን ክምሩ ውሎ አድሮ ይሰምጣል፣ አናቱ ይጎደጉዳል፣ ውኃም በዚያ በኩል ቀጥታ ይገባል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ይሻውም ያውቀዋል። ሲከምር ያየችው እህቴ ብቻ ነበረች፤ ተው ብላ ለመነችው። እሱ ግን በዚህ ወቅት ዝናብ የለም፣ ማንም አያይም ብሎ ሥራውን ጨረሰ።

ክምሩ የአገኘሁን በለጠ። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሰዎች እየቆሙ አዩለት፤ ዘንድሮስ እግዜር አየህ አሉት። አገኘሁም ቆሞ ክምሩን አየና አለፈ። እህቴ እንደነገረችኝ ይሻው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም፤ ምሳ ሲበላ እንኳ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር። የሠርጉ ቀን እንደዚያ ፈገግ ማለቱን እኔ አላስታውስም።

ነገር ግን ክምር ተከምሮ አይቀርም፣ ይወቃል። በእነሱ አገር ውቂያ በወንፈል ነው፤ ዛሬ ያንተ፣ ነገ የእኔ እየተባለ ጎረቤቱ ሁሉ በሬውን እየነዳ ይመጣል፣ ክምሩንም የሚንዱት የመጡት ሰዎች ናቸው። ሰው ከተጠራ ጭዱ ይታያል። ሰው ካልተጠራ ደግሞ ምን ሆኖ ነው ይባላል፣ ፊት ለፊትም አገኘሁ አለ። ይሻው በሬውን እየነዳ የሁሉንም ወቃ፣ የአገኘሁንም ወቃ። ያንተስ መቼ ነው ሲሉት ይድረቅ እንጂ አላቸው። ከገና በኋላ አለ፤ ገና አለፈ። ከጥምቀት በኋላ አለ። የሰው ሁሉ አውድማ ተጠርጎ፣ እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ የይሻው ክምር ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ከጥምቀት በኋላ ማንም ያላሰበው ዝናብ መጣ። በረዶ ቀላቅሎ ቀንና ሌሊት ጣለ። ፀሐይ ሲወጣ ከክምሩ አናት እንፋሎት ይነሣ ጀመር። ፈንታነሽ ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ አስገብታ ዳበሰችው፤ ውስጡ ይሞቃል። ዘግና ያወጣችው ስንዴ ጎንቁሎ፣ ቡቃያ አውጥቶ ነበር።

በዚያው ቀን ሱቄ ድረስ መጣች። አንድ የጭነት መኪና በክሪክ አንሥቼ ጎማውን እየፈታሁ ነበር። ፊቷን ሳየው ሰው የሞተ መሰለኝ።

«ወንድምዓለም፣ የዓመት እህላችን እየበሰበሰ ነው» አለችኝ። «ዛሬ ነገ ተንዶ ፀሐይ ካላየ አለቀ። ይሻው ሰው አልጠራም አለ።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ስለ ጭዱ ስትነግረኝ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቄን ዋጥሁት። እህሉ ከጠፋ ልጇን ትሕትናንና የትሕትናን ታናሽ ወንድም ይዛ ወደ እኔ እንደምትመጣ፣ ከእንግዲህም ከአገኘሁ ጋር በአንድ ቤት መኖር እንደሰለቻት ነገረችኝ። እኔ የምኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለች፣ ጎማና አልጋ በተጋፉባት ክፍል ነው። ግን ያናደደኝ እሱ አይደለም። እህቴ ከአገኘሁ ጋር በአንድ ቤት ነው የኖርሁት ስትል፣ አገኘሁ አንድ ቀን እንኳ ቤቷ አላደረም፤ ያናደደኝ ይህ ነው። የሾፌሩን ጎማ እንደተፈታ ትቼ፣ እየጮኸብኝ፣ አብሬያት ወጣሁ።

ይሻው ከክምሩ ሥር ዱላውን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሰው ቀርቦ እንዳያይ እየጠበቀ። ውሻ እንኳ ከዚያ የተሻለ ነገር ይጠብቃል አልሁት። ሌላም ብዙ አልሁት፤ ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም። ሰማኝና ቀና አለ።

«አገኘሁ ሲስቅብኝ ከማይ ልጆቼ ቢራቡ ይሻለኛል» አለኝ።

ኮሌታውን ያዝሁት። እሱም ዱላውን ጣለና ያዘኝ። እንዲያ እንደተናነቅን ነው መምሬ አያሌው የደረሱት፤ ፈንታነሽ ከእኔ ተለይታ እሳቸውን ልትጠራ ሄዳ ነበር። መምሬ የይሻውም የአገኘሁም የንስሐ አባት ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ድምፃቸው ግን አልደከመም።

«አንተ ወግድ» አሉኝ። «በቁጣህ እህል አይደርቅም።»

ራቅ ብዬ ቆምሁ። ሁለቱ ከክምሩ ሥር ተቀመጡ። የተነጋገሩትን በኋላ ራሱ ይሻው ነግሮኛል፤ ካልነገረኝ እኔ ከየት አመጣዋለሁ። ሁሉንም ተናዘዘላቸው፤ ጭዱን፣ ቆርቆሮውን፣ በስቅለት ቀን የሚሰግደውን ስግደት እንኳ። መምሬ ሰምተው ሲጨርሱ ቀኖናውን ሰጡት፤ ነገ ጠዋት ራስህ በየደጁ ሄደህ ሰው ጥራ፣ መጀመሪያ የምትጠራው አገኘሁን ነው፣ ክምሩንም በሰው ፊት በገዛ እጅህ ትንዳለህ። ይሻው የጠየቃቸው ነገር ይህ ነው፦

«አባ፣ ለአገኘሁስ ምን ቀኖና ሰጥተውታል?»

መምሬ አያሌው በዕድሜያቸው ብዙ ኑዛዜ ሰምተዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን የሰሙ አይመስለኝም፤ መቋሚያቸውን አንሥተው መሬቱን ሲመቱት እኔ ከቆምሁበት ሰምቻለሁ።

«ይህን ከአንተ በፊት ጴጥሮስ ጠይቆታል» አሉት።

ከዚያም ነገሩት። ጌታ ከተነሣ በኋላ በባሕሩ ዳር ጴጥሮስን አገኘው። ሦስት ጊዜ የካደውን ሰው ይቅር አለው፣ በጎቹን አደራ ሰጠው፣ እንዴት ባለ ሞት እንደሚያከብረው ነገረው፣ ተከተለኝም አለው። ከዚህ በላይ ለሰው ምን ይሰጠዋል? ጴጥሮስ ግን ዘወር ብሎ ዮሐንስን አየና፣ እሱስ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ጌታም የዮሐንስን ነገር አልነገረውም። እሱን እንደ ፈቀድሁ አደርገዋለሁ፣ አንተን ምን አገባህ፣ አንተ ተከተለኝ አለው።

«ይሻው፣ በፍርድ ቀን ጌታ ስለ አገኘሁ አንድም ነገር አይጠይቅህም» አሉት መምሬ። «ስለ እሱ ያጠናኸው ሁሉ ያን ቀን አይጠቅምህም። ስለ ራስህ ሲጠይቅህ ግን ምን ትመልሳለህ? የምታውቀው የለህም።»

ይሻው አልችልም አለ። ካልቻልህ እኔም አልፈታህም ብለው መምሬ ተነሡ። ጎንበስ ብሎ መስቀል ሲጠብቅ መስቀላቸውን ሳያሳልሙት ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ እንኳ አዘንሁለት፣ ማለት ትንሽ።

ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ተቀምጦ ቀረ። እኔም እህቴን ትቼ ለመሄድ አልሆነልኝም። ተመልሼ ስሄድ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እያነጋገረ ያለው እኔን ይሁን ክምሩን ሳይለይ ተናገረ።

«አባታችን ሆይ ልል ጀምሬ ነበር» አለኝ። «የዕለት እንጀራ የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ሰጥቶኛል እኮ። ጭድ ላይ የከመርሁት እኔ ነኝ። ደጀን፣ እኔ ከእግዜር ጋር ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ስጸልይም ስጾምም መሀላችን ላይ አገኘሁ አለ። አሁን ዞር በልልኝ ልለው ብል እሱ አልመጣብኝም፤ ይዤው የምዞር እኔ ነኝ።»

ይሻው ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ዞረና አማተበ፣ ሰገደ። ያን ጊዜ ጎኑ ላይ የሚያየው ሰው አልነበረም፤ እኔንም የረሳኝ መሰለኝ። ሲሰግድም አልቸኮለም። እኔ ወደ ቤት ገባሁ።

በነጋታው ልጅ አልላከም። ራሱ ሄዶ የአገኘሁን ደጅ መታ፣ ከዚያ ሌሎቹን ጠራ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ሰዉ በሬውን እየነዳ መጣ፤ መምሬም መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ይሻው ክምሩ ላይ ወጣ።

«ይህ ክምር መሀሉ ጭድ ነው» አለ። «ከአገኘሁ እንዲበልጥ ብዬ ያደረግሁት ነው። ዝናብ ገብቶበታል።»

ብሎም አናቱን ገነጠለው። ጭዱ ጠቁሮ፣ ጭራሮው ሻግቶ ወጣ፤ ሽታው ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። ከዚያ ጌጡ የሚባል ነገረኛ፣ ለጠላ ብቅል አዘጋጅቶልናል አለ፣ ሳቁም ፈነዳ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው አገኘሁ ነው። ሆዱን ይዞ፣ እንባውን እየጠረገ፣ ሲያቆም ክምሩን እያየ እንደገና እየጀመረ ሳቀ። ሰባት ቤት ያህል ዘመድ ባለበት፣ ልጁ ትሕትና እያየች፣ ያ ሁሉ ሳቅ በይሻው ላይ ወረደበት። እኔ አማቼን አልወደውም ብያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አገኘሁን በክሪክ እጀታ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። ፈንታነሽ ክንዴን ባትይዘኝ እገባ ነበር።

ይሻው ከላይ ቆሞ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ጆሮው ቀልቷል። አልተሳደበም፣ ሰበብም አልፈለገም።

«ሳቅ፣ አገኘሁ» አለው። «ስትወጣ ስትገባ ዋሽቼሃለሁ። ስትጨርስ በሬህን አስገባልኝ፤ ልጆች አሉኝ።»

የአገኘሁ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። ወደ ሰዉ ዞር ብሎ አየ፤ አብሮት የሚስቅ አልነበረም። በሬዎቹን ወደ አውድማው ነዳ። መምሬ አያሌው ተነሥተው መስቀላቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ይሻው ከክምሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ።

የመሀሉ ለከብት እንኳ የማይሆን ነበር፣ ተጣለ። የዳር ዳሩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ተወቃ። ዘሩ ተረፈ፤ ከገብሱና ከድንቹ ጋር ተደርጎ እስከ አዲሱ እህል ያደርሳል ተባለ፣ አንጀት አጥብቀው ከበሉት። እህቴ ወደ እኔ አልመጣችም። ይሻውም በአንድ ቀን መልአክ አልሆነም፤ አሁንም ኩርፍተኛ ነው፣ አሁንም ሊጠይቀኝ ሲመጣ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ዓይኑ ወደ አገኘሁ ጎተራ ሲሄድበት ያማትባል። ቀኑን ሙሉ ሲያማትብ የሚውልበት ጊዜ አለ፤ እህቴ እንደ ዝንብ እያባረረ ነው ትላለች። አንድ ቀን ልፈትነው ብዬ፣ በክፋት፣ ለአገኘሁ ምን ያህል እህል እንደገባለት ጠየቅሁት። ድሮ እስከ ፍሬው ይነግረኝ ነበር። ከንፈሩን ነከሰና፣ አልጠየቅሁም አለኝ። ለመጠየቅ እንዳማረው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ አልጠየቀም ግን።

ዘንድሮ ለስቅለት እነሱ ዘንድ ሄድሁ። አገኘሁ የዘወትር ቦታው ላይ አለ፤ ጎኑ ባዶ ነው። ይሻውን ስፈልግ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጀርባ አገኘሁት፤ ፊቱን ወደ ድንጋዩ ግንብ አዙሮ፣ ሰው በማያይበት፣ እሱም ሰው በማያይበት ይሰግዳል። ሲደክመው ያርፋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እንባው ጺሙ ላይ ወርዷል። ሳልረብሸው ተመለስሁና ከአገኘሁ አጠገብ ቆምሁ።

አገኘሁ ይሰግድና ቀና ሲል ወደ ቀኝ ያያል። ደግሞ ይሰግድና ወደ ግራ ያያል። መቼም እኔ የጸሎት ሰው አይደለሁም፤ ግን የሰውየው ነገር አበሳጨኝ። በመጨረሻ አላስችል ሲለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ይሻው የት ሄደ? ብዙ ሰግዷል?» አለኝ።

«አንተን ምን አገባህ?» አልሁት። «አንተ ስገድ።»